ጸበል የተፈቀደለት ክኒን

አባቴ እንቅልፍን የሚያዩት እንደ ሰነፍ ተማሪ ነበር። ላሊበላ ውስጥ ማኅሌት በመቆም ያረጁ መሪጌታ ናቸው፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሌሊቱን ሲያነጉ ፊታቸው ላይ ድካም አይታይም ነበር። የሳንባ ካንሰር ይዟቸው፣ በየሦስት ሳምንቱ አዲስ አበባ እየሄዱ በደም ሥር የሚንጠባጠበውን መድኃኒት መውሰድ ሲጀምሩ ግን እንቅልፍ አጣሁ ብለው አማረሩ። ሳሉ ጋብ ሲል ማቅለሽለሹ ይመጣል፤ ማቅለሽለሹ ሲተዋቸው ሐሳቡ። ጠዋት ስገባ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ዓይናቸው ቀልቶ አገኛቸዋለሁ። እንዴት አደሩ ማለት እንኳ ፈራሁ።

ታናሽ ወንድሜ አስጎብኚ ነው። በከተማችን በየኮረብታው ላይ አዲስ ሆቴል የሚሠራበት ጊዜ ስለነበር እንግዳ አያጣም። አንዲት አዛውንት ፈረንጅ ሲያስጎበኝ የአባታችንን ነገር አጫወታት። እሷም በዚያው በሽታ የታከመች ኖራ፣ በሕክምናዋ ጊዜ ሐኪሟን አስፈቅዳ የምትወስደው ክኒን እንደነበረ ነገረችው፤ አገሯ ስትመለስም በሌላ መንገደኛ እጅ አንድ ብልቃጥ ላከችልን። ሜላቶኒን ይባላል። ወንድሜ እጁን እያወናጨፈ፣ ቱሪስት ፊት የቆመ ይመስል አስረዳን፦ ሲመሽ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ነገር ነው፤ እንቅልፍ የሚጠራው እሱ ነው፤ በእሷ አገር ከዱቄት ወተትና ከማር ጎን ተደርድሮ በሱቅ ይሸጣል።

እኔ ያለ ሐኪም ቃል አንዷንም አይቀምሱም ብዬ ብልቃጡን ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት፤ የቀጠሯችን ቀን ይዤው ሄድኩ። ሐኪሙ ረጋ ያለ ወጣት ነው። ጽሑፉን አነበበ፤ ከሚወስዱት መድኃኒት ጋር ይጋጭ እንደሆነ መጽሐፍ አገላብጦ አየ።

«ማታ ማታ አንድ ይውሰዱ፤ ለእንቅልፍ ይረዳዎት ይሆናል» አላቸው። «በሽታውን የሚያክመው ግን እዚህ የምንሰጥዎ ነው። ይኼኛው ደጋፊ ነው።»

ለካንሰሩም ይጠቅማል የሚሉ እንዳሉ፣ ነገር ግን ገና ያልተረጋገጠ እንደሆነ ለእኔ ጨምሮ ነገረኝ። አባቴ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ።

ክኒኑ ተስማማቸው። ተኙ፤ ምግብም መቅመስ ጀመሩ። እኔም እሳቸው ሲተኙ ተኛሁ፣ ደስታዬን ልደብቀው አልችልም። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንቅልፍን ሲያባርሯት ኖረው አሁን በፈረንጅ እጅ አማላጅ ልከው እንዳስመጧት እየተናገሩ ጠያቂውን ሁሉ ያስቁ ነበር። ከሙጃ ገጠር ድረስ የመጣ ዘመድ ሳይቀር ክኒኑን ካላየሁ ብሎ ብልቃጡን ተቀብሎ ሳመው።

ችግሩ እዚህ ላይ ተጀመረ። መርፌው፣ ሁላችንም በደም ሥር የሚንጠባጠበውን ኬሞ የምንጠራው እንዲህ ነበር፣ ያስመልሳቸዋል፤ ጉልበታቸውን ያዝለዋል። ጢማቸውንም አረገፈው። መሪጌታ ያለ ጢም አደባባይ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ የእኛ አገር ሰው ያውቀዋል፤ አባቴ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ይከናነቡ ጀመር። ክኒኑ ደግሞ ያስተኛቸዋል። ወዳጅና ጠላታቸውን በዓይን የለዩ መሰላቸው።

ፍልሰታ ሲደርስ ከከተማው በላይ፣ ተራራው ላይ ካለው ጸበል ሱባኤ እገባለሁ አሉ። የመርፌው ቀጠሮ የሚውለው በሱባኤው መካከል ነበር። ጸበል የገባ ሰው መድኃኒት አይቀላቅልም፤ ያኔ እኛ ዘንድ ይህ ለክርክር አይቀርብም ነበር። ከቀጠሮው በኋላ ይሂዱ ብዬ ለመንኳቸው። አባቴ «የንስሐ አባቴን ልጠይቅ» አሉ።

የንስሐ አባታቸው መጡና ከአባቴ ጋር መደቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መርፌው ብዙ አላከራከረም፤ መድኃኒት ነው፣ ተከለከለ። የቀረው የክኒኑ ጉዳይ ነበር። የንስሐ አባታቸው ብልቃጡን ወደ ብርሃን አቅንተው እየተመለከቱ ከምን እንደሚሠራ ጠየቁ። ወንድሜ ጽሑፉን አንብቦ ከእንስሳ የመጣ ነገር እንደሌለበት ተናገረ። ሰውነት ራሱ የሚሠራው መሆኑ፣ በሱቅ ከማር ጋር መሸጡ፣ ሐኪሙም ደጋፊ ነው ማለቱ አንድ በአንድ ተነሣ። በመጨረሻ ክኒኑ ምግብ ነው ተባለ። የዕለቱ ጾም ከተፈታ በኋላ ማታ ማታ ይወሰድ፤ ጸበሉንም አያፈርስም። ወንድሜ ፈተና እንዳለፈ ልጅ ፈገግ አለ። በጥፊ ልለው ምንም አልቀረኝም።

«አባቶቼ፣ የሚያድነው መርፌው ነው ተብለናል እኮ» አልኩ።

«ልጄ፣ መርፌው የትም አይሄድም» አሉኝ የንስሐ አባታቸው፣ ያለ ቁጣ። «ፍልሰታ ግን ታልፋለች።»

አባቴ ዓይናቸውን ከወለሉ አላነሡም።

በበቅሎ ወጡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። የነሐሴ ጉም ቀኑን ሙሉ አይገለጥም። በየጠዋቱ ያን በረዶ የመሰለ ውኃ ሲያፈሱባቸው የጎድን አጥንታቸው ይቆጠራል፤ እኔ ጋቢ ዘርግቼ እጠብቃለሁ። በንዴት ይሁን በብርድ እንጃ፣ ጥርሴ ይንገጫገጫል። የቀጠሮው ቀን እዚያው አለፈ። ማታ ክኒናቸውን ወስደው ጎጆው ውስጥ ተኝተው ያድራሉ። ከበዓሉ በኋላ ስንወርድ ከስተዋል፤ ዓይናቸው ግን ጠርቷል፣ ጢማቸውም ማቆጥቆጥ ጀምሯል። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም ለአፍታ አምኜ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ትንፋሻቸው አጠረ። ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ መኪናው ለምሳ ጋሸና ቆመ። ከመኪናው ወርደው ምግብ ቤቱ እስኪደርሱ ሁለቴ አረፉ። የቀረበውን ሳይነኩ ሹፌሮቹ ሲበሉ ሲያዩ ቆዩና በድንገት ጀመሩ።

«የንስሐ አባቴን የጠየቅኋቸው መልሱን አውቄው ነው።»

አልገባኝም።

«መርፌውን ፈራሁት፣ ልጄ። እንዲከለክሉኝ ነው የጠየቅሁ። ሰዉ እንዴት ፈራ ይለኛል? ለጸበል ብሎ ተወው ቢለኝ ይሻላል ብዬ ነው።»

«ለእኔ አይነግሩኝም ነበር?»

«ብነግርሽ እጄን ይዘሽ ትወስጂኝ ነበር።»

«እወስድዎ ነበር።»

«እሱን ነዋ የፈራሁ።»

ተናደድኩባቸው። ከበሽተኛ ጋር እንዲህ አይኮንም፣ አውቃለሁ፤ ግን ተናደድኩ። ያ ሁሉ ክርክር፣ ያ ብልቃጥ ከእጅ እጅ መዞሩ፣ ተራራው፣ ብርዱ፤ ሁሉም ለአንድ ፍርሃት መሸፈኛ ኖሯል። ወዲያው ደግሞ ነጠላቸው ሥር ያለውን ቀጭን አንገታቸውን አየሁና ዕንባዬ መጣ። እጃቸውን ያዝኩ። እሳቸውም ከእንግዲህ እንደማይሸሹ፣ ጢማቸውም ቢረግፍ ይርገፍ ብለው ነገሩኝ። መኪናው እስኪነሣ ድረስ እጄን አልለቀቁም።

ሐኪሙ አዲሱን የራጅ ፊልም ብርሃን ላይ ሰቅሎ አየው። በሽታው ሰፍቷል፤ ሳንባቸው ዙሪያ ውኃ ተቋጥሯል። እኔን ወደ ውጭ ጠርቶ ሲነግረኝ፣ በቀጠሮው ብንመጣ ኖሮ ይቆም ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አላውቅም አለኝ። ቢዋሸኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ስንመለስ አባቴ የግራ እጅጌያቸውን እስከ ክንዳቸው ጠቅልለው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል።

ሐኪሙ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። «አባቴ፣ መርፌውን አሁን ሰውነትዎ አይችለውም» አላቸው። «ውኃውን እንቀዳልዎታለን፣ ትንፋሽዎ ይቀላል። የእንቅልፍ ክኒንዎን ግን ይቀጥሉ።»

አባቴ እጅጌያቸውን አላወረዱም።

«ዛሬ እኮ ሳልፈራ ነበር የመጣሁት» አሉት።

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ጎንበስ ብዬ እጅጌያቸውን አወረድኩላቸው።