ከዋንዛ የጠረብኳት ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን

ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር፣ እንጨት ቤት ሥራ የገባሁ ቀን አሠሪዬ አንድ የወንበር ክንድ ሰጠኝና፣ «ጓደኛውን አውጣለት። መስተዋት ፊት እንደቆመ አድርገህ» አለኝ። ሠራሁ። ሁለቱም የቀኝ ሆኑ። የእኔን ለማገዶ ጣለው።

ከዚያ ወዲህ ጥንድ ነገር ተሳስቼ አላውቅም። በር፣ ቁም ሳጥን፣ አልጋ ስሠራ አረጀሁ። ፊደል ብዙ አልቆጠርኩም፤ ልኬት ግን አልስትም።

አምና ጫልቱ የምትባል አስተማሪ ፎቶግራፍ ይዛ መጣች። ትንሽ ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን ናት፤ ፎቶው ከቀኝ ጎኗ ብቻ ነው የተነሳው።

«አባባ ዱጋ፣ ይህችን ጠረጴዛ ላይ እንድትቀመጥ አድርገው በእንጨት ይሥሩልኝ። አባቴ መካኒኳ ነበር። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ጥግ ይዞ ዝም ብሏል። ቢዳስሳት ምናልባት ያወራል።»

«እኔ ቁም ሳጥን ነው የምሠራ» አልኳት። ከበሩ አልሄድ አለች። ተቀበልኳት።

ገላዋን ከአንድ ዋንዛ ጠረብኩ። ክንፏን በኮላ አጣበቅሁ፤ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ። ፕሮፔለሮቹን በቀጭን መሮ አወጣሁ። የቀኙን ከፎቶው አየሁ፤ የግራውን እንደለመድኩት፣ መስተዋት ፊት እንደቆመ አድርጌ።

ራሴ ይዤ ሄድኩና አባቷ ኦቦ ቶሌራ ጭን ላይ አኖርኳት። ጣታቸው ከጭራዋ ተነስቶ በክንፏ ሄደ። የቀኙን ፕሮፔለር ዳሰሱ። ግራው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይህን ማን ሠራው?»

ጫልቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ልትፈጀን ነው? የግራው ተገልብጧል። ሞተሩ ሲነሳ ወደ ኋላ ነው የሚገፋት!»

«ጥንድ እኮ ነው፣ ኦቦ። ጥንድ ይተያያል።»

«በር መሰለህ እንዴ? የእኔዋ ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ነው የሚዞሩ።»

«አርባ ዓመት ስሠራ ሥራዬ ተመልሶ አያውቅም።»

«ዛሬ ተመለሰ። ውሰዳት!»

ተናድጄ አውሮፕላኗን አነሳሁና ብድግ አልኩ። ጫልቱ እስከ ውጭ በር ተከተለችኝ።

«አይቀየሙ፣ አባባ። ይሰማዎታል? አሁንም እያወራ ነው።»

እውነትም ከውስጥ ስለ ሞተሩ ብቻቸውን ይጮኻሉ።

በማግስቱ አዲስ ፕሮፔለር ጀመርኩ። ኦቦ ቶሌራ ልጃቸው እየመራቻቸው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ትንሽ በጠረብኩ ቁጥር ተቀብለው ይዳስሳሉ፤ ይሰድቡኛል፤ ይመልሱልኛል። በአምስተኛው ጊዜ፣ «ዱጋ፣ አሁን ትነሳለች» አሉ።

ጥንድ የምትሠሩ ሰዎች፣ መሮ ከማንሳታችሁ በፊት ዕቃው ምን እንደሚሠራ የሚያውቀውን ሰው ጠይቁ። ኦቦ ቶሌራ ቤታቸው ከእኔ ሱቅ ማዶ ነበር። አልጠየቅኋቸውም።