ግዝቱን ሳናስፈታ ችሎት ገባን

ትናንት ጠዋት ላሊበላ ፍርድ ቤት ገብቼ ማስተዋል ልጄ አይደለችም ልል ነበር። ልል ነበር ነው እንግዲህ... ነገሩ እንዳሰብነው አልሄደም።

ማስተዋል የልጄ የብርቄ ልጅ ናት። ብርቄ ስታረግዝ ሰውየው የለሁበትም ብሎ ሁመራ ወረደ፣ በዚያው ቀረ። ብርቄም ልጅቱን ጡት አስጥላ ዓረብ አገር ሄደች፤ ከዚያ ዞራ ዞራ ካናዳ ገባች። ያሳደግናት እኔና ሟች ባለቤቴ ነን። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እኔው ብቻ ነኝ፤ ሹሩባዋን እንኳ ጎረቤት እየለመንሁ ነው የማሠራላት። ትምህርት ቤት ላስገባት ስሄድ መምህሩ የአባት ስም ማነው ቢለኝ አያሌው አልሁት። አያሌው እኔ ነኝ።

አሁን ብርቄ ካናዳ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ አግኝታ፣ ልጇንም በእናትነቷ ልትወስዳት አመለከተች። ወረቀቱን ያዩት ሰዎች ግራ ገባቸው። እናቲቱ ብርቄ አያሌው፣ ልጅቱ ማስተዋል አያሌው፣ የሁለቱም አባት አያሌው። ይቺ እህትሽ እንጂ ልጅሽ አይደለችም፣ እህት ደግሞ በዚህ መንገድ አትመጣም አሏት። ፍርድ ቤት አይቶ ካላስተካከለው ጉዳዩ ይዘጋል ተባለ።

ብርቄ ደውላ ስትነግረኝ መጀመሪያ እንቢ አልሁ። ስሜን በገዛ እጄ ከልጅቱ ላይ አላነሳም አልኋት።

«አባዬ፣ ስምዎን ታቅፋ እዚያው ትቅር?»

ማስተዋል አጠገቤ ገብስ ትለቅማለች፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው። በማግስቱ ምስክር ፍለጋ ወጣሁ።

ምስክሮቼ ሲሳይና አበራ ናቸው፤ ጎረቤቶቼ፣ የማኅበር ወንድሞቼም ናቸው። ልጅቱ ስትወለድ በሩ ላይ ነበሩ። ትናንት ጋቢያቸውን አጣፍተው አብረን ወረድን።

ዳኛዋ ወጣት ሴት ናት። ሲሳይን መጽሐፍ አስይዛ አስማለችውና ማስተዋል የማን ልጅ ናት ብላ ጠየቀችው።

«የአያሌው» አለ።

ቀና ብላ አየችኝ። እኚህ የእርስዎ ምስክር አይደሉም ወይ እንደ ማለት ነው። ደግማ፣ ረጋ ብላ፣ የወለዳት ማነው አለችው። ሲሳይ ግንባሩ ላብ በላብ ሆነ፤ አያሌው አልሁ እኮ እመቤቴ አላት። አበራ ቀጠለ። ሲሳይ እንዳለው ነው አለና ተቀመጠ።

ደሜ ፈላ። መንገዱን ሙሉ ስንማከር ነው የመጣን! ሲሳይ ወደ እኔ ዞረና ድምፁን ዝቅ አድርጎ...

«አንተ ሰው፣ ግዝቱን አስፈትተሃል?»

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ልጅቱ ገና ዳዴ ስትል መንደሩ አባት የለሽ ይላታል፤ አልወደድሁም። የሚካኤል ማኅበር ተራው እኔ ጋ ደርሶ ስደግስ፣ ለንስሐ አባታችን ነግሬ፣ ከአያሌው ሌላ አባት የሚጠራባት ሰው እንዳይኖር አስገዘትሁ። ማኅበርተኛው ሁሉ ተነሥቶ ተቀበለ። ግዝት እንግዲህ ካህን በቃሉ ያሠረው ነገር ነው፤ ካህን ካልፈታው አይፈታም። እነ ሲሳይ ይኸን ሁሉ ዘመን ጠብቀውታል። ያሳሠርሁት እኔ ረሳሁት።

ለዳኛዋ አስረዳኋት። ሳቋን ዋጥ አድርጋ ካህኑ የት ናቸው አለች። ገነተ ማርያም ክርስትና ሊያነሡ ሄደዋል። ወጥተን ደወልንላቸው። በስልክ ይፍቱን ብንላቸው ተቆጡ፤ መስቀል ሳትሳለሙ ምን ብዬ እፈታችኋለሁ፣ መጣሁ አሉ። ዳኛዋም ከሰዓት ተመለሱ አለችን።

ከሰዓት በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጠው መጡ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ባለጉዳዩ ሁሉ እያየ፣ ሦስታችን ራሳችንን ዝቅ አድርገን ቆምን። እግዚአብሔር ይፍታችሁ ብለው መስቀሉን አሳለሙን። ጥበቃውም ጠመንጃውን ወደ ኋላ አዙሮ መጥቶ ተሳለመ። የንስሐ አባቴ ወደ እኔ ጠጋ አሉና...

«አያሌው፣ ሌላ ጊዜ ስታስገዝት እስከ መቼ እንደሆነ አብረህ ተናገር።»

ተመልሰን ገባን። ሲሳይ ግዝቱ ሲፈታለት አፉም ተፈታ፤ ሰውየው ሁመራ የወረደ ለት የለበሰውን ኮት ሳይቀር ተናገረ። ዳኛዋ ነች በቃ ያለችው። አበራም ይኸኑ አለ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። አባባ፣ እርስዎ ማስተዋልን ወልደዋታል ወይ አለችኝ። ማስተዋል ዩኒፎርሟን ለብሳ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ታየኛለች።

«አልወለድኋትም» አልሁ።

ጸሐፊዋ የጣት ቀለም አቀረበችልኝ። መሠረተ ትምህርት ተምሬያለሁ አልኋትና ስሜን በእጄ ጻፍሁ። ቆየሁ፣ ግን ጻፍሁ።

ዳኛዋ ወሰነች። ብርቄ እናቷ ናት፣ እኔ አያቷ ነኝ፣ አባት የሚለው ይሰረዝ። በማን ስም እንደምትጠራ ግን ልጅቱ ትጠየቅ አለች። እኔ ስሙም አብሮ የሚሰረዝ መስሎኝ ነበር።

ማስተዋል ተነሣች። ሰው ፊት ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ናት።

«በአያሌው» አለች።

ዳኛዋ ሌላ ስምም እንደሚቻል ልታስረዳት ጀመረች።

«ሰምቻለሁ። በአያሌው» ብላት ቁጭ አለች።

ውሳኔውን ዛሬ ጠዋት ለብርቄ ላክንላት፤ እሷም አስገብታለች፣ ጉዳዩ ተመልሶ ይታያል ብለዋታል። እየጠበቅን ነው።

አልወለድኋትም ያልሁት በመዝገብ ሰፍሯል፣ ይስፈር። ያ ግትርነቷ ከማን እንደመጣ ግን ምስክር አምጣ ያለኝ የለም።