አጎቴ የፈቱት ጥለት

አጎቴ የሰው ሥራ አይንቁም ነበር። ሮቤ ገበያ የእጃቸውን ሸማ እየሸጡ ያረጁ ሸማኔ ነበሩ። አንድ ቀን አንዲት የጎባ ደንበኛቸው የፋብሪካ ነጠላ ለብሳ መጣችና፣ "አካም ጂርቱ አባባ፣ ይሄ ከእርስዎ ነጠላ አይበልጥም?" አለቻቸው። አጠገባቸው ጥጥ እየፈተልኩ ነበር፤ ደሜ ፈላ። እሳቸው ግን ጥለቱን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና፣ "ያምራል። የኔን ውሰጂና እሱን ተይልኝ" አሏት።

ቤት እንደገባን ጥለቱን ክር በክር ይፈቱት ጀመር።

"ደግሞ ከማሽን ሊማሩ ነው?" አልኳቸው።

"ማሽኑንም ያስተማረው ሰው ነው። ሰው የቻለውን እኔን ምን ይከለክለኛል?"

በሳምንቱ ያንኑ ጥለት አሳምረው ሠሩት። ሴትየዋም የሠርጓን ልብስ እሳቸው ዘንድ አዘዘች።

አጎቴ ካረፉ ወዲህ ጠዋት የመወርወሪያቸው ድምፅ ስለሌለ ቤቱ ጭር ብሎብን ነበር። ከአርባቸው በኋላ ዘመዶች፣ አጎቴ እግራቸውን አስገብተው ይሸምኑበት የነበረውን ጉድጓድ እንድደፍነው አሉኝ።

"እኔ እሠራበታለሁ" አልኩ።

"ሴት ትፈትላለች እንጂ መቼ ትሸምናለች?" አሉኝ አክስቴ።

ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። እግሬ መርገጫው ላይ አልደረሰም። ገመዱን አሳጥሬ መርገጫውን ከፍ አደረግሁትና ሲሠሩ እያየሁ ያደግሁትን ሥራ ጀመርኩ። አክስቴ ትንሽ ቆመው አዩኝና ክር ያቀብሉኝ ጀመር።