ጣሊያኗ በጎሬ፣ ጃፓኗ በመቱ

ቅዳሜ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ በደሌ

በፓስቲና በሻይ ቁርሴን በልቼ ሚኒባስ ውስጥ ታጭቄያለሁ። ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው። ባለቤቴ «አሮጌ መኪና የምትሰበስቡ ሰዎች ጤነኞች አይደላችሁም» የምትለው እውነት ሳይሆን አይቀርም! ኢሉባቦር ውስጥ ሁለት ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪኖች፣ አንዷ የጣሊያን፣ አንዷ የጃፓን ሥሪት፣ እንዳሉ ሰምቼ ነው የመጣሁት። አወዳድሬ አንዷን ልገዛ ነው።

ረፋድ፣ መቱ

ባጃጁ የሐጂ ከድር ጨርቅ ሱቅ በር ላይ አወረደኝ። የጃፓኗ ባለቤት ናቸው። «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ! ና፣ ግባ» ብለው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ነጭ ናት፤ ኒኬሏ ያብለጨልጫል፣ ወንበሯ አንድ ቦታ እንኳ አልተቀደደም። ቁልፉን ሲያዞሩት ወዲያው ተነሣች።

«ይሸጧታል?»

«መጀመሪያ ጎሬ ያለችውን የተፈራን እይ። አዲስ አበባ ልጁ ዘንድ ሊገባ ነው። ሳይሄድ ካልተሸጠች ቆራሌ በኪሎ ይወስዳታል።»

በነጯ ወደ ጎሬ ወጣን። በየደጁ ቡና ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። ማርሿ በሁለት ጣት ይገባል፤ ዳገቱን ከቁም ነገርም አልቆጠረችው።

ከሰዓት፣ ጎሬ

ጋሼ ተፈራ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የተቀቀለ የአንጮቴ ሥር ለምሳ አቀረቡ፤ የኔ ዓይን ግን ቆርቆሮው ጥላ ሥር ነው። ጣሊያኗ! ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ መሪዋ የእንጨት። ጃፓኗ ጎበዝ ሠራተኛ ናት፤ ይቺ ግን ታስደነግጣለች!

«እስቲ ያስነሷት፣ ጋሼ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ሐጂ ከድር መፍቻ አነሡና የራሳቸውን መኪና ኮፈን ከፈቱ። ያለሱ ሞተር የማይነሣውን ካርቡራተር ነቅለው ቀይዋ ላይ ገጠሙት። ወይ ጉድ!

«የኔዋ የራሷ ከተሰበረ ቆየ፣ መለዋወጫም የላትም» አሉ ጋሼ ተፈራ። «የሱን ለሁለቱም እንዲሆን አድርገው መቱ ጋራዥ ሠሩልን። ዓርብ ከስግደት በኋላ እሱ በነጯ ይመጣል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኔ በቀይዋ እወርዳለሁ። በመሐል ዕቃውን በሚኒባስ እንላላካለን።»

ቀይዋን ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ነዳኋት። መሪዋ ይከብዳል፣ ፍሬኗ ወደ ግራ ይስባል፤ ኩርባ ላይ ግን መሬቱን ጥብቅ አድርጋ ትይዛለች። በቃ፣ ልቤን ወሰደችው፤ ገዛኋት።

ግን ያለ ካርቡራተር ምን ላድርጋት? ጋሼ ተፈራ ሐጂን ለመጠየቅ አፈሩ። «የሱ ንብረት ነው። በጭነት መኪና ውሰዳት» አሉኝ። ሐጂም ዕቃቸውን መልሰው ነጯ ላይ ገጥመው ወደ መቱ ወረዱ። እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ።

እሑድ ጠዋት፣ ከጎሬ ወደ መቱ

የተከራየሁት ጭነት መኪና ጋሼ ተፈራ በር ላይ ቆሟል። ሐጂ ከድር ከሚኒባስ ወረዱ፤ በእጃቸው ፌስታል አለ። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ የቀይዋን ኮፈን ከፍተው ካርቡራተራቸውን መግጠም ጀመሩ።

«አንተ ሰውዬ፣ አበድክ?» አሉ ጋሼ ተፈራ።

«ዝም በል፣ መፍቻውን አቀብለኝ።»

ጭነት መኪናውን መለስኩት። ጋሼ ተፈራ አዲስ አበባ ድረስ አብረውኝ ሊሄዱ ሻንጣቸውን ይዘው ከጎኔ ተቀመጡ። ሐጂ ጠባቧ የኋላ ወንበር ላይ ተጣጠፉ።

ሐጂ መቱ፣ ሱቃቸው በር ላይ ሲወርዱ አላስቻለኝም።

«ሐጂ፣ የእርስዎዋስ? እንዲሁ ቆማ ልትቀር ነው?»

«ጎሬ ለመውጣት ነበር የምነዳት» አሉ ወደ ጋሼ ተፈራ እያዩ። «ከእንግዲህ ማን ጋ ልሂድባት?»