የቤት ቁጥር፦ አዲስ

ማዘጋጃ ቤት ውስጥ የቤት ቁጥር የምሰጠው እኔ ነበርኩ። ሰጠሁ ስላችሁ አትመኑኝ፤ አልሰጠሁም። ሸዋሮቢት ከተማ ከወንዙ ወዲያ ያለው ሰፈር በሁለት ክረምት ውስጥ ቤት በቤት ሲሆን ፕላኑ ገና አልጸደቀም ነበር። ስለዚህ መታወቂያ ሊያወጣ የመጣውን ሁሉ፣ "የቤት ቁጥር" በሚለው መስመር ላይ "አዲስ" ብዬ እጽፍለት ነበር። አዲስ፣ አዲስ፣ አዲስ፤ እጄ እስኪለምደው። ሰዉም ቅር አይለውም፣ እንዲያውም ደስ ብሎት የሚሄድ አለ። ጣራው ዝጎ ግድግዳው ተሰንጥቆ እንኳ ቁጥሩ አዲስ ነው።

መዘዙ የመጣው ስልኩ ላይ እያየ ከአዲስ አበባ ዕቃ የሚያዝ ሰው ሲበዛ ነው። አንድ ለአምስት ተደራጁ እየተባልን ከስብሰባ ወደ ስብሰባ የምንሮጥበት ዘመን ነበር። ሻጮቹ አድራሻ ሲጠይቁ ሰፈርተኛው መታወቂያውን ያወጣና እላዩ ላይ ያለውን ገልብጦ ይልካል። ዕቃው በአውቶቡስ ረዳት እጅ ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁል ይወርድና ማደያው በር ላይ ይራገፋል፤ ከዚያ ባጃጅ ያነሳዋል። ካርቶኑ ላይ "ሸዋሮቢት፣ የቤት ቁጥር አዲስ" ይላል። በል እንግዲህ ፈልግ! የአንድ አስተማሪን ሚክሰርማ ረዳቱ "አዲስ" የሚለውን አይቶ፣ በስህተት የተጫነ መስሎት መልሶ አዲስ አበባ ወስዶታል።

ባጃጆቹ አንድ ካርቶን ይዘው ሰፈሩን ሲዞሩት ይውላሉ። የሰው አጥር እየታከኩ፣ በሙዝ ማሳ መሀል እየሾለኩ፣ እኛ ፕላን ላይ የሌለ ጎዳና አወጡ። ማደያው ፊት ደግሞ ዕቃ የሚጠብቀው ባጃጅ አስፋልቱን ስለሚሞላው፣ ወደ ደሴ የሚያልፈው ከባድ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ይቆማል። አለቃችን "የባጃጅ ሥርዓት አልበኝነት" ብለው ስብሰባ ጠሩ። እኔም ከኋላ ተቀምጬ ቃለ ጉባኤ ያዝኩ። ጥፋቱ የማን እስክሪብቶ እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ፤ ግን ልናገር? ምን ቆርጦኝ!

ያ ስብሰባ ዓርብ ነበር። እሑድ ደግሞ ሠርጌ ነው።

እጮኛዬ እዚያው ከወንዙ ወዲያ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። እንዲያው ስታዩዋት ምን የመሰለች ልጅ ናት፤ እግሯ ግን አርባ ሁለት ነው። ሕፃን ሆና "ጀልባ" እያሉ ያስለቅሷት ስለነበር፣ ካደገች በኋላ ረጅም ቀሚስ ሳትለብስ ከቤት አትወጣም። ቁጥሩን የምናውቀው እሷ፣ እናቷና እኔ ብቻ ነን። በልኳ የሚሆን ነጭ የሙሽራ ጫማ ሸዋሮቢትም አጣዬም ጠፋ። በመጨረሻ ስልክ ላይ አገኘች። "ማንም ሳያይ ይምጣልኝ" አለችና የእኔን ስልክ ሰጠች፤ አድራሻውን ግን ከመታወቂያዋ ገለበጠች። መታወቂያዋን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ዓርብ ዕለት እኔ ስልኬን ዘግቼ የባጃጅ ጥፋት ስመዘግብ፣ ባለ ባጃጁ ደውሎ ደውሎ ሰለቸው። ካርቶኑን ቀደደና በር ለበር "የማን ነው? እየለካችሁ ውሰዱ!" ይል ጀመር። የሰፈሩ ሴት ሥራ ፈታ። ተራ በተራ እግራቸውን እየከተቱ ይንከተከታሉ።

"ኧረ ይሄ ሁለቱንም እግሬን ይችላል!"

"ለሙሽራ ነው ለወታደር?"

አንዷ ነገረኛማ የጫማውን ባለቤት ሳላይ አልገባም ብላ ደጇ ላይ ዱካ አውጥታ ተቀመጠች አሉ።

ጫጫታውን ሰምተው የወጡት የእነ እጮኛዬ ጎረቤት፣ ሙዝ የሚነግዱ አንዲት ሙስሊም አሮጊት ናቸው። እጮኛዬን በድሮ ሰፈራቸው ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስለሚያውቋት ነገሩ ወዲያው ገባቸው።

"አምጣው፣ የኔ ነው" አሉት ባለ ባጃጁን።

"እትዬ፣ ባለ ታኮ እኮ ነው! ነጭ እኮ ነው!"

"ሱብሃነላህ! አሮጊት አያጌጥም ያለህ ማን ነው?" ብለው ከእጁ መንጭቀው ገቡ።

ከዚያ ጫማውን ቅርጫት ውስጥ ከተው፣ ከላይ የሙዝ ቅጠል ጣል አድርገው ለእጮኛዬ አደረሱላት። እንዲህ ያለ ሰው አላህ ያኑርልኝ! ግን ምን ያደርጋል፣ በዚያ ሳምንት በሰፈሩ ሌላ ሙሽራ ስለሌለ ወሬው ቀድሟቸው ደርሶ ነበር። የሰፈራችን ዕቃ እንጂ ወሬው አድራሻ አይጠፋበትም።

ከስብሰባ ወጥቼ ስልኬን ስከፍት የእናቷ ጥሪ ተደራርቧል። ስበር ሄድኩ። ዓይኗ አብጦ፣ ጫማውን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

"አንድ ቁጥር ብትጽፍልን እጅህ ይቆረጥ ነበር?" አለችኝ። "እነሱ ፊት ከዚህ ቤት አልወጣም። በቃ፣ አልወጣም።"

ለመንኳት፣ ማልኩላት፣ ፕላኑ አልጸደቀም ብዬ ላስረዳትም ሞከርኩ፤ ይሄኛውን ባልሞክረው ይሻለኝ ነበር። ቅዳሜን በሙሉ ስልኬን አላነሳችም።

እሑድ ሚዜዎቼን አስከትዬ ስደርስ ሰፈሩ በሙሉ ደጅ ወጥቷል። የሰው ዓይን የት እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ፊቷን የሚጠብቅ አንድ ሰው የለም፣ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። እሷ ቬሎዋን ለብሳ፣ ከበሩ ውስጥ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። እጇን ያዝኩ።

"አፈርክብኝ?" አለችኝ፣ ማንም እንዳይሰማ አድርጋ።

"በራሴ ነው ያፈርኩት" አልኳት። እውነቴን ነበር።

ትንሽ አየችኝ። ውጭ አንዲት ሴት ስትስቅ ሰማን። እጮኛዬ እንባዋን ጠረገችና ቀና አለች።

"እንግዲያው ቬሎዬን ያዝልኝ" አለች። "ከፍ አድርገህ።"

"ምን ያህል?"

"ጫማው እስኪታይ።"