የተመታው ሰው ነው የወጣው

እኔ ኳስ አልወድም። በኋላ «ሴትዮዋ ምን አውቃ ነው» እንዳይባል ከዚህ ልጀምር። ኳስ ባልወድም የኳስ ሜዳ ጭቃን ግን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ሃያ ሁለት ማልያ በእጄ አጥቤያለሁ፤ ያውም አንድ ጊዜ አይደለም፣ በአንድ ክረምት ሦስት ጊዜ።

ገላን ኮንዶሚኒየም በገባን በዓመቱ ባለቤቴ የሰፈሩን የጤና ቡድን ተቀላቀለ። ቦርጫቸው መግፋት የጀመረ አባወራዎች እሁድ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ጀምረው፣ ለሁለት ተከፍለው ኳስ ይጫወታሉ፤ ከዚያ አብረው ቁርስ ይበላሉ። ደስ ብሎኝ ነበር። ባለቤቴ አቃቂ በያጅ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ አጎንብሶ ስለሚውል ወገቡን ያመዋል፣ ትንሽ ይሩጥ ብዬ ጫማውን የገዛሁለት እኔ ነኝ። እቤት ውስጥ ዝንብ የማይገድል ሰው ነው። ሜዳ ሲገባ ግን ሌላ ሰው ይሆናል አሉ። እኔ ይህን የሰማሁት ከሰው አፍ ሳይሆን ከማዳበሪያው ነው።

ማዳበሪያው ማለት ይኼ ነው። ቡድኑ ውስጥ ቀይ ካርድ የሚባል ነገር አልነበረም። የቡድኑ አባት ባቡር ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ቡድኑ ሲቋቋም «ወንድም ከወንድሞቹ መሃል አይባረርም» ብለው ደንብ አደረጉት። ሰው የጎዳ ሰው ጨዋታውን ይጨርሳል፣ ከዚያ በሽማግሌ ይዳኛል። ይቅርታ ይጠይቃል፣ የበደለውን ትከሻ ይስማል፣ በመጨረሻም የሁሉንም ማልያ በማዳበሪያ ተሸክሞ ቤቱ ወስዶ አጥቦ ያመጣል።

አጥቦ ያመጣል ነው የሚሉት። ማን ነው የሚያጥበው? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ብሎክ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በበርሜል ያጠራቀምኩትን ውሃ እየቀዳሁ የሃያ ሁለት ወንድ ላብ ሳጥብ ቆየሁ። የመጀመሪያውን ጊዜ ሳቅኩ። ሁለተኛውንም ሳቅኩ፤ እንዲያውም ጎረቤቶቼ ባልሽ አንበሳ ነው አሉ ሲሉኝ ሆዴን ደስ ብሎት ነበር፣ አልዋሽም። ሦስተኛው ላይ ባለቤቴ ጓደኞቹ «ያንተ ቤት ሲታጠብ ይነጣል፣ ቶሎ ቶሎ አጥፋ» እያሉ እንደሚቀልዱበት ነገረኝ። ቅጣቱ ቀልድ ሆኗል ማለት ነው። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ምን ቆርጦኝ፣ ዝም ብዬ አጠብኩ።

ከእኛ በታች ሦስተኛ ፎቅ የባጃጅ ሾፌርና ሚስቱ ይኖራሉ። ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ የገባነው በአንድ ሳምንት ነው፤ መብራት ገና ሳይገባ በሻማ አብረን ራት በልተናል። ከሚስቱ ጋር እህት ማለት ነን። በመካከላችን ሳህን ባዶውን ሄዶ አያውቅም፤ እኔ ሽሮ ብልክላት እሷ ቆሎ አድርጋበት ትመልሳለች፣ ቆሎም ከጠፋ ሁለት ፍሬ ሎሚ። ሾፌሩ ደግሞ ቀጭን፣ ቀልደኛ፣ ኳስ ሲይዝ ሰው የሚያስቅ ነው። እሁድ እሁድ ከባለቤቴ ጋር አብረው ወጥተው አብረው ይመለሳሉ፤ ሲመለሱ ሳቃቸው ከደረጃው ታች ይሰማኛል።

በአንዱ እሁድ ሳቅ ሳልሰማ ባለቤቴ ብቻውን መጣ። ማዳበሪያውን መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ አስቀመጠና ተቀመጠ። ምን ሆነሃል ስለው ኳሱን ፈልጌ ገባሁ፣ እግሩን አገኘሁት አለኝ። የማንን እግር ስለው የታችኛውን ፎቅ በአገጩ አሳየኝ።

የቀረውን ከሌሎች ሰማሁ። ባለቤቴ ሾፌሩ ላይ ከኋላ በሁለት እግሩ ነው የገባበት። ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ አጥንቱ ተሰብሯል፤ ቀኝ እግሩ፣ ፍሬን የሚረግጥበት። በገዛ ባጃጁ ሌላ ሰው እየነዳ ሆስፒታል ወሰዱት፣ ጄሶ ታሰረለት። ያንገበገበኝ ግን ይህ ብቻ አይደለም። እሱን አንስተው ከወሰዱት በኋላ ጨዋታው ቀጥሏል። ተቀያሪ ስላልነበረ የሾፌሩ ወገን በአሥር ሰው ተጫወተ፤ ባለቤቴ እዚያው ሜዳ ውስጥ ነበር፣ ደግሞም ጎል አግብቷል። በዚያች ጎል አሸነፉ።

ማዳበሪያውን ስፈታው ከላይ የነበረው የሾፌሩ ሰባት ቁጥር ማልያ ነው። ጭቃው ገና አልደረቀም። መልሼ አሰርኩት።

ሽማግሌዎቹ ያንኑ ቀን ከሰዓት ባለቤቴን ይዘው ሦስተኛ ፎቅ ወረዱ። እኔም ተከተልኩ። ሾፌሩ አልጋው ላይ ሆኖ «ይቅር ለእግዜር» አለ፣ ፊቱን ግን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። ትከሻው ተሳመ፣ ነገሩ አለቀ ተባለ። በነጋታው ምስር ወጥ ሠርቼ በሳህን ላክሁ። ከሰዓት በኋላ ሳህኔ ተመለሰ፤ ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ባዶውን።

ባዶ ሳህን ምን እንደሚል ለማያውቅ ማስረዳት ይከብዳል። ስድብ ቢሆን በተሻለኝ። ደረጃው ላይ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፣ ደህና ናችሁ ትለኛለች፣ ታልፋለች። ባጃጁ ከብሎኩ ሥር ሸራ ለብሶ ቆሟል፤ በሄድኩ በመጣሁ ቁጥር አየዋለሁ። አጥንት ይገጥማል፣ ባጃጁም አንድ ቀን ይነሳል፤ እኔን ያስፈራኝ እኛ ሳንገጥም መቅረታችን ነው። ባለቤቴም ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ሆነ፣ የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል።

በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ዘይት ልገዛ ምድር ቤት ያለው ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ የስልጤ ሰው ነው፣ የቡድኑም በረኛ። ቴሌቪዥኑ ላይ የትም አገር የሚደረግ ማንኛውም ስፖርት አያመልጠውም። ያን ቀን የሚያየው ግራ የሚያጋባ ነገር ነበር፤ እጅጌ የሌለው ካናቴራ የለበሱ ግዙፍ ወንዶች እንደ ፓፓያ የሞላለ ኳስ ይዘው ይሯሯጣሉ፣ በእጅም በእግርም ይመታሉ፣ ጎሉ አራት ቋሚ አለው። ምንድን ነው ስለው የአውስትራሊያ እግር ኳስ ነው አለኝ። እየተነጋገርን አንዱ ሮጦ መጥቶ ሌላውን በትከሻው አገጩ ላይ መታው። የተመታው እዚያው ተዘረጋ፤ ደግፈው አወጡት። መቺው ግን ቦታው ላይ ቆሞ ፀጉሩን ያስተካክላል።

አሁን ይባረራል አይደል አልኩት። የለም፣ እነሱ ጋ ከሜዳ ማስወጣት የለም አለ ባለሱቁ፤ ጨዋታው ካለቀ በኋላ በሳምንቱ መሃል ችሎት ተቀምጦ፣ ቪዲዮውን አይቶ፣ ይህን ያህል ጨዋታ አትጫወትም ይለዋል። ከዚያ ኮራ ብሎ፣ ታዲያ ከኛ ደንብ በምን ይለያል፣ ይኸው ትልቁ አገርም እንደኛ ነው አለኝ።

ዘይቴን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። መቺው ትንሽ ቆይቶ ኳስ አገኘ፣ አገባ፣ ጓደኞቹ አቀፉት። የተመታው ሰውዬ ደግሞ ዳር ተቀምጦ አገጩ ላይ በረዶ ይዟል። የማላውቀው አገር፣ የማላውቀው ጨዋታ፣ ግን ያንን ዳር የተቀመጠ ሰው አውቀዋለሁ፤ ሦስተኛ ፎቅ ነው የሚኖረው።

በነጋታው እሁድ ወንዶቹ በየካናቴራቸው ተጫውተው፣ ቁርሳቸውን በልተው ኮሚናሉ ውስጥ ሲሰበሰቡ፣ ማለት ድግሱም ለቅሶውም የሚደረግበት የጋራ አዳራሻችን ውስጥ፣ ማዳበሪያውን እየጎተትኩ ገባሁ። ሁለት ሳምንት ሳይታጠብ የከረመ ማልያ ምን እንደሚሸት ለእነሱ ተውኩት። ባለቤቴ ሲያየኝ አንገቱን ደፋ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ መሃል ላይ አስቀመጥኩት።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው የቡድኑን አባት። «ይህን እኔ አላጥብም። ያጠፋውም እኔ አይደለሁም።»

አንዳንዱ ሳቀ። እሳቸው ግን በእጃቸው ዝም አሰኙና ምን ይሁን ነው የምትይው አሉኝ። ሰው የሚጎዳ ሰው እዚያው በዚያው ከሜዳ ይውጣ፣ ባሌም ቢሆን አልኩ። ጉድ ፈላ። አንዱ እኛ የመጣነው ለጤናና ለፍቅር ነው፣ ካርድ ቂም ያመጣል አለ። ሌላው በአንድ ሰው ጥፋት የቀሩት አሥር ሰዎች ለምን ይቀጣሉ አለ፤ ይኼ እውነት ስለነበረ ትንሽ አሰብኩበት። ሌላው ደግሞ ዳኛው በግርግር ተሳስቶ ንጹሕ ሰው ቢያወጣስ፣ ቀዝቀዝ ሲል መዳኘት አይሻልም ወይ አለ። ባለሱቁ ተነስቶ የአውስትራሊያውን ነገር አመጣ፤ ስንት ሰው የሚያየው ጨዋታ እንኳ አያባርርም ብሎ ደመደመ።

«አየሁ እኮ፣ አብረን ነው ያየነው» አልኩት። «የመታው ቀረ፣ የተመታው ወጣ። ማንም አይባረርም ትላላችሁ። አንድ ሰው ግን ወጥቷል። እናንተም ጋ ወጥቷል፤ ቀይ ካርዱን የበላው የተመታው ሰው ነው። የእሱ ወገን በአሥር ሰው ሲጫወት ማን ተቆጨ?»

በዚህ መሃል ባለቤቴ ተነሳ። ባለቤቴ ስብሰባ ላይ የማይናገር ሰው ነው፤ የእድር ስብሰባ ላይ እንኳ ስሙ ሲጠራ እጁን ብቻ ነው የሚያወጣው።

«ኳሱን አልፈለግኩም» አለ። «ኳሱን በእግሬ መሃል አሳለፈብኝ፣ ሳቃችሁ። እሱን ነው የፈለግኩት።»

ተቀመጠ። እኔም ተቀመጥኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ኳሱን ፈልጌ ሲለኝ የሚዋሸው እኔን ብቻ አልነበረም። ተናድጄበትም፣ ኮርቼበትም ነበር፣ ሁለቱንም በአንዴ።

የቡድኑ አባት ጥፋቱ የኔ ነው አሉ፤ አይባረርም ስል የሚጎዳውን ሰው አላሰብኩትም። ደንቡ ተቀየረ፦ ሆን ብሎ ሰው የሚጎዳ ይወጣል፣ ማልያውንም እያንዳንዱ ራሱ ያጥባል። እኔ አንድ ነገር ልጨምር አልኳቸው። የወጣው ሰው ወደ ቤቱ ሄዶ አይደበቅ፤ ዳር ላይ ከጎዳው ሰው ጎን ይቀመጥ። ቀና ብለው አዩኝና «ይሁን ልጄ፣ መባረርም አይደል ማለት ነው» አሉ።

ባለቤቴ ሳምንቱን ሙሉ ትንፍሽ አላለም። ስላዋረድኩት መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ ግን ሰባት ቁጥሩን ማልያ በሳፋ ዘፍዝፎ ሲያሽ አገኘሁት፤ የራሱን ሳይሆን ያንን። አያያዙ አያድርስ ነው፣ ሳሙናውን ጨረሰው። ዝም ብዬ በሩን ዘጋሁለት።

በማግስቱ እኔም ሜዳ ሄድኩ። የቡድኑ አባት ራሳቸው ሦስተኛ ፎቅ ወጥተው ሾፌሩን ለምነውታል፤ በክራንች መጥቶ ዳር ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፣ ጄሶ የታሰረ እግሩ ድንጋይ ላይ ተዘርግቷል። ሚስቱ ከኋላው ቆማለች። እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ሃያ አንዱ ተሰለፉ፣ ባለቤቴም አንዱ ሆኖ።

ፊሽካው ተነፋ። ኳሷ ሳትነካ ሽማግሌው ሜዳ ውስጥ ገቡ፣ ባለቤቴ ፊት ቆሙ፣ ከኪሳቸው ከደብተር ሽፋን የተቆረጠ ቀይ ካርድ አወጡና ወደ ላይ አነሱት። ያኛው ጨዋታ አላለቀም ነበር፣ አሁን ነው የምንጨርሰው አሉ። ባለቤቴ አልተከራከረም። ራሱን ነቀነቀና መውጣት ጀመረ። ያ ሜዳ እንደዚያ ሰፊ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ሁሉም ቆሞ ያየዋል።

ያጠበው ሰባት ቁጥር ማልያ ብብቱ ሥር ነበር። አግዳሚው ጋ ሲደርስ አውጥቶ ሾፌሩ ጎን አስቀመጠው፣ ከዚያ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ፊት ለፊቱ ተገተረ። ሾፌሩ ማልያውን አየ፣ ጭቃው በደንብ እንዳልለቀቀ አየ። ቀና አላለም።

«ቁጭ በል» አለው። «ጨዋታውን ጋረድከኝ።»

ባለቤቴ ተቀመጠ። እስከ ዕረፍት ድረስ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ከዕረፍት በኋላ ግን ባለሱቁ አንዲት ቀላል ኳስ ለቀቀና ገባችበት፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ጭንቅላታቸውን ሲይዙ አየሁ፣ ከዚያ ሾፌሩ የሆነ ነገር አለው፣ ባለቤቴም መለሰ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ሚስቱ ዞራ አየችኝ፣ እኔም አየኋት።

ቤቴ እንደገባሁ በሬ ተንኳኳ፤ የሾፌሩ ሚስት ናት። የሰጠኋት ሌላ ሳህን እሷ ጋ ቀርቶ ነበር፣ ረስቼዋለሁ። አልገባም፣ የሱን እግር ከፍ ላድርግለት ብላ ሳህኑን እጄ ላይ አስቀምጣልኝ ወረደች። ሦስት ሎሚ ነበረበት።