ሾርባ ውስጥ የተጣለው ቲፕ

ኩዌት ውስጥ ካሉት ሐበሻ ባልና ሚስቶች ግማሾቹን ያጋባኋቸው እኔ ነኝ። የቀሩት ግማሾቹ ስልክ ቁጥሬን ስላላገኙ ነው። ሽማግሌ ሆኜ ቆሜ ጉሮሮዬን ጠረግ ካደረግኩ ድንጋይም ቢሆን ልጁን ይድርልኛል።

ይህን ፉከራ ያለ ሐፍረት ስፎክር የኖርኩት እስካለፈው ዓመት ብርድ ወቅት ድረስ ነው። አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ ፊንጣስ በሚባለው ሰፈር፣ ባሕሩ ዳር ባለ ምግብ ቤት ውስጥ፣ ፉከራዬ ከነጅራቱ ተቆረጠ። ዛሬም አስተናጋጅ ወደ ጠረጴዛዬ ሲመጣ ባየሁ ቁጥር ያ ቀን ትዝ ይለኛል።

እኔ ሪቃይ ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ሹፌር ነኝ። ፀጉሬ ቀድሞኝ ሸብቷል። አገር ቤት ሽበት የእርጅና ምልክት ነው። እዚህ ግን፣ አባትም አጎትም በሌለበት አገር፣ ሽበት ዲፕሎማ ነው። ልጅ የወደደ ወንድ ሁሉ "ጋሽ ምትኩ፣ ሽማግሌ ይሁኑኝ" እያለ ይመጣል።

ብሩክም እንደዚሁ መጣ። ብሩክ ኸይጣን ውስጥ ሞባይል የሚጠግን ልጅ ነው። ስልክ ሲከፍት እንጂ አፉን ሲከፍት ያየው ሰው የለም። የወደዳት ልጅ ፋንታዬ ትባላለች፤ የወሎ ልጅ ናት። ፊንጣስ ውስጥ ሰው ቤት ትሠራለች፣ እዚያው ታድራለች። ስልኳን ልታስጠግን መጥታ ነው የተዋወቁት።

"ጋሼ፣ ኮንትራቷ እያለቀ ነው" አለኝ። "እሺ ካለችኝ እዚህ ቀለበት እናስርና አብረን አገር ቤት ገብተን እንጋባለን። እምቢ ካለችኝ ግን ጠቅልላ መግባቷ ነው። ከዚያ በኋላ የት አገኛታለሁ?"

"እኔን ይዘህ ምን ያስፈራሃል?" አልኩት። በሆዴ ጠላውን ጠምቄ ዳሱን ጥዬ ነበር።

ሽማግሌ ደግሞ ብቻውን አይሄድም። ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል። እኔም ለግርማ ሞገስ ብዬ ኢንጂነርን መረጥኩ። ምን እንደተማረ አላውቅም፤ ሁሉም ኢንጂነር ይለዋል፣ እሱም አይከለክልም። በበጋው ቃጠሎ ሳይቀር ሱፍና ከረባት ነው። ስብሰባ በተባለበት ሁሉ የፊት ወንበር የእሱ ናት። ሆዱ ቀድሞ ይገባል፣ እሱ ኋላ ይደርሳል።

ብሩክ "ጋሼ፣ እኔ እኮ ሰውየውን አላውቃቸውም" ብሎ ነበር። "አንተ ዝም በል፣ ሱፍ የለበሰ ሰው ከሌለበት ሽምግልናው አያምርም" አልኩት።

ምግብ ቤት የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው። ፋንታዬ የምትኖረው ማዳሟ ቤት ነው። ሁለት ሐበሻ ወንዶች ቆመን የማዳምን በር ብናንኳኳ የሚያስተናግደን ፖሊስ ነው። ስለዚህ በእረፍት ቀኗ ምግብ ቤት ተገናኘን። እናት ሆነው ይዘዋት የመጡት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። ኩዌት ውስጥ ምግብ ሲያበስሉ የኖሩ፣ ሰው ሲያዩ እንደ ሥጋ ገዢ ገልብጠው የሚያዩ ሴት ናቸው።

ገና ከመቀመጣችን ኢንጂነር ክንዱን ወደ ላይ አንስቶ ጣቶቹን ጧ አደረጋቸው። "ያ ረፊቅ! ተዓል!" አንተ፣ ወዲህ ና ማለቱ ነው።

ፋንታዬ ከወንበሯ ብድግ አለች።

ለራሷም አልታወቃትም። ቆማ፣ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ፣ ዙሪያዋን ካየች በኋላ ነው የት እንዳለች ትዝ ያላት። ፊቷ በርበሬ መስሎ ተመልሳ ተቀመጠች።

"ማዳሜ እንዲህ ነው የምትጠራኝ" አለች ቀስ ብላ። "እግሬ ለምዶ ነው።"

እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም። "አይዞሽ፣ ብሩክ ጣቶቹን የሰው ስልክ ውስጥ ረስቷቸዋል፣ አያጮህብሽም!" አልኩ። ኢንጂነር ሳቀ። እትዬ ጥሩወርቅ አልሳቁም። ብሩክ የውኃ ብርጭቆውን እያየ ቀረ።

አስተናጋጁ ቀጠን ያለ ባንግላዴሺ ነው። ደረቱ ላይ "ከማል" የሚል ስም ለጥፏል። ሲስቅ ፊቱ በሙሉ ይስቃል። አርብ ስለነበር ሁላችንም የምስር ሾርባና ሩዝ አዘዝን። ኢንጂነር ግን "ስደት ላይ ፆም የለም" ብሎ የተጠበሰ ሥጋ ጨመረበት።

ሾርባውን ቀዘቀዘ ብሎ መለሰ። ሲሞቅለት ፈጀኝ ብሎ መለሰ። ሲበርድለት ጨው በዝቶበታል ብሎ መለሰ። ከመመላለሱ ብዛት ሾርባው መንገዱን ለምዶ ብቻውን ሊመጣ ምንም አልቀረው። በየመሃሉ ጣቱን ያጮሃል። ጣቱ በጮኸ ቁጥር የፋንታዬ ትከሻ ንቅንቅ ይላል። በኋላ እንዳትነሳ የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጇ ያዘችው።

እትዬ ጥሩወርቅ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። "ይኼ ሰው ምናችሁ ነው?"

"ትልቅ ሰው ነው እትዬ። ኢንጂነር ነው።"

"ትልቅነቱንስ አየሁት።"

ነገሩ እየከረረ መሆኑ ገባኝ። ምግቡ ሳይነሳ ቶሎ ወደ ጉዳያችን ልግባ ብዬ ለኢንጂነር በዓይኔ ምልክት ሰጠሁትና ተያይዘን ብድግ አልን። መቼም ሽማግሌ ጉዳዩን ቆሞ ነው የሚናገረው፤ ተቀመጡ ቢሉትም እሺታ ካላገኘ አይቀመጥም። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ሁለት እጆቼን ወደ እትዬ ጥሩወርቅ ዘረጋሁ።

"እትዬ፣ የመጣነው ለመልካም ነገር ነው። ይህ ልጃችን ልጅ ይሁናችሁ፣ ይህቺ ልጃችሁም…"

ይህን ስል በዘረጋሁት መዳፌ ላይ አንድ ነገር አረፈ። ባየው የሂሳብ ማህደር ነው።

ከማል ሆዬ መቆማችንን አይቶ ልንሄድ መስሎታል። ሮጦ ሂሳቡን አምጥቶ፣ እጄ ላይ አስቀምጦ፣ በሙሉ ፊቱ እየሳቀ "ሹክረን ባባ" እያለ ያመሰግነኛል። ልጅ ስጡኝ ብዬ የዘረጋሁት እጅ የሾርባ ሂሳብ ታቀፈ!

እኔ ሳቄ ሊያፈነዳኝ ደርሷል። ኢንጂነር ግን ነደደ። "ህማር! አንተ አህያ! ማን ሂሳብ አምጣ አለህ? ሙዲሩ ይምጣ!" እያለ ጠረጴዛውን ደበደበ። የምግብ ቤቱ ሰው ሁሉ ዞረ። አንድ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ። ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ መጣና ነገሩን ሳይጠይቅ ከማል ላይ እዚያው ፊታችን ስድብ ያወርድበት ጀመር። ከማል "ቆመው ነበር፣ የሚሄዱ መስሎኝ…" ሊል ይሞክራል፤ ማን ሰምቶት! ያ ሳቂታ ፊት አመድ ሆነ።

ብሩክ ሂሳቡን ከእጄ ወስዶ ከፈለ። በላዩ ላይ ጥሩ ቲፕ አደረገ። ኢንጂነር አየው።

"ለዚህ ደንቆሮ?" ብሎ ቲፑን ከማህደሩ ውስጥ አውጥቶ ብሩክ ኪስ ውስጥ ከተተው። ከራሱ ኪስ አንድ ባለ መቶ ፍልስ ሳንቲም አወጣ። ከፍ አድርጎ ለከማል አሳየው። ከዚያ በተረፈው ሾርባ ውስጥ ጠብ አደረገው።

"ቲፕህ ይኸው። ዋኝተህ አውጣ።"

ሳቅሁ። አልደብቅም፣ ሳቅሁ። የእኔ ሳቅ ደግሞ ባሕሩ ላይ ያለ መርከብ መልሕቅ ያስጥላል። ግን ብቻዬን ነበርኩ። ሳቄ ግማሽ መንገድ ሄዶ ጓደኛ ሲያጣ ተመልሶ ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ።

ፋንታዬ ማንኪያዋን አነሳች። ሳህኑ ውስጥ አስገብታ ሳንቲሙን ፈልጋ አወጣችው። በሶፍት አንድ ጊዜ ጠረገችው፣ ገልብጣም ጠረገችው። ከዚያ በቀስታ ኢንጂነር ፊት አስቀመጠችው።

"ጋሼ፣ ሳንቲም ወድቆብዎታል" አለችው።

ከዚያ ቦርሳዋን አነሳች። "እትዬ፣ ይነሱ፣ እንሂድ።"

አለቀ! ብሩክን አየሁት፤ ባትሪው የሞተ ስልክ ይመስላል። ኮንትራቷ፣ ቀለበቱ፣ አገር ቤቱ፣ ሁሉም በበሩ ወጥቶ ሊሄድ ነው። ያን ሱፍ መርጬ ያመጣሁት ደግሞ እኔ! "ተናገር አንተ ልጅ፣ አንዴ እንኳ ተናገር" እያልኩ ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት።

ብሩክ ተነሳ። ግን ፋንታዬ ወደ በሩ ስትሄድ እሱ ወደ ወጥ ቤቱ በኩል ሄደ።

ልጁ አበደ! "ብሩክ! በሩ በዚህ ነው! ሙሽራህ በዚህ ናት!" ብዬ ጮህኩ። አልዞረም። ቀጥ ብሎ ሄዶ ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆመ። ከዚያ ያ ዝምተኛ ልጅ አፉን ከፈተ። የሚናገረው ዐረብኛ ስብርባሪ ነው፤ የጎደለውን በእጁ ይሞላዋል። እኛ አገር ሴት ልጅ ለጋብቻ የሚጠይቅ ሰው ይቆማል አለው። መቆም ማለት መሄድ አይደለም አለው። አስተናጋጅህ ይህን ሊያውቅ አይችልም፣ ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ይቅርታ የምንጠይቀው እኛ ነን፣ ከሥራ እንዳታባርርብኝ አለው። የእኔን አቋቋም ለማሳየት ሆዱን ገፍቶ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ጉሮሮውን ሳይቀር ጠረገ። ቁርጥ እኔን!

ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ፊቱን አጨፈገገ። ቀጥሎ እኔን አየኝ፣ ብሩክን አየው፣ ከዚያ ከት ብሎ ሳቀ። የከማልን ትከሻ መታ መታ አደረገው። ከማል "ዐሩስ? ዐሩስ?" እያለ፣ ሙሽራዋ እሷ ናት ወይ ለማለት፣ ወደ በሩ፣ ወደ ፋንታዬ አመለከተ። ፊቱ ተመለሰ። "መብሩክ! እንኳን ደስ ያለሽ!" አላት ከሩቅ፤ ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

ብሩክ ቲፑን ከኪሱ አውጥቶ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ለከማል ሰጠው። ለአባት እንደሚሰጥ።

ፋንታዬ በሩን በግማሽ ከፍታ ይህን ሁሉ ታያለች። በሩን መልሳ ለቀቀችውና ከእትዬ ጥሩወርቅ ጋር ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች።

ኢንጂነር ከረባቱን አስተካከለ። "እኔን ለአስተናጋጅ አዋረድከኝ፤ ከዚህ በኋላ በዚህ ሽምግልና የለሁበትም!" ብሎ ሆዱን አስቀድሞ ወጣ። በመስኮቱ አየሁት፣ መንገድ ዳር ቆሞ ለታክሲ ጣቱን ያጮሃል። ታክሲው አልፎት ሄደ።

እኛ ግን እንደገና ተቀመጥን። እትዬ ጥሩወርቅ ወደ ልጅቷ ዞሩ።

"እህ፣ ምን ትያለሽ?"

"እነዚህን ሽማግሌዎች አልቀበልም" አለች ፋንታዬ።

ብሩክ አንገቱን ደፋ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አመሰግናት ነበር።

"ልጁንስ?"

ፋንታዬ መሐረቧን እያጠፈች እየዘረጋች ቆየች። "ልጁ ምን አደረገኝ?" አለች።

እትዬ ጥሩወርቅ እንደ ዳኛ ፈረዱ። "ሽማግሌዎቹ ይመለሱ፣ ልጁ ግን ይቆይ!"

አይ የእኔ ጩኸት! ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁት፣ ማንኪያ ሁሉ ዘለለ። እንዲህ ዓይነት ፍርድ ከአዳም ጀምሮ ተሰምቶ ያውቃል? ሽማግሌ ተባሮ ሙሽራ ሲቀር? ከማል ደስታችንን አይቶ ሳናዘው ለሁላችን ሻይ ይዞ መጣ፤ ፋንታዬ ትሪውን ልትቀበለው ስትነሳ "አይሆንም፣ አንቺ ዐሩስ ነሽ፣ ተቀመጪ" ብሎ በምልክት አስቀመጣት። እሷም ሳቀች። ብሩክ ስትስቅ እያያት ሻዩን ያለ ስኳር ጠጣው።

ግን ወግ ወግ ነው። እትዬ ጥሩወርቅ በሚቀጥለው የፋንታዬ የእረፍት ቀን ብሩክ ደህና ሽማግሌ ይዞ እንዲመጣ አዘዙ። "ሱፍ አልፈልግም" አሉ። "ትዳር ያለው፣ ቤቱን ያስተዳደረ ሰው ይምጣ።"

በሚቀጥለው ጊዜ ኸይጣን ባለች የሐበሻ ምግብ ቤት ተገናኙ። እኔ ሹፌር ሆኜ አዲሶቹን ሽማግሌዎች አደረስኩና መኪና ውስጥ ቀረሁ። እልልታው ሲሰማኝ የአሠሪዬን፣ የባባን መኪና ጥሩንባ ስለቀው፣ የጎረቤቱ ባለ ሱቅ እሳት የተነሳ መስሎት ውኃ ይዞ ወጣ። አሁን አገር ቤት ገብተው ተጋብተዋል። የሠርጉን ቪዲዮ ልከውልኝ ስንቴ እንዳየሁት አልነግራችሁም፤ ስልኬ ራሱ ጨዋታውን በቃሉ ይዞታል። ባየሁት ቁጥር ያ በር በግማሽ ተከፍቶ የቆመበት ደቂቃ ይመጣብኛል፣ ከዚያ ብቻዬን እስቃለሁ።

ሰዎች ግን "ያን ያህል ከደከምክበት ለምን ከሽማግሌዎቹ ጋር አብረህ አልገባህም? እትዬ ጥሩወርቅ ይቅር ብለውህ የለ?" ይሉኛል። እውነት ነው፣ ይቅር ብለውኛል። ያልገባሁት ባለትዳር ይምጣ ስላሉ ነው። አግብቼ አላውቅም። ባለቤትህስ ሲሉኝ ከስልኬ እያወጣሁ የማሳያት ሴት እህቴ ናት።